ጨዋታ ልጅን ሲያስለቅስ፦ ኑሮን የሚያስመስሉ የኮምፒዩተር ጨዋታዎችና የልጆቻችን ልብ



እንደሚታወቀው አንድ ቤተሰብ እስራኤል አገር ገብቶ በመርከዝ ክሊታ ክፍሉን ከተረከበ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ወደ ቤቱ ከሚገቡት ዕቃዎች አንዱ ፔሌፎን ወይም ኮምፒዩተር ነው። ወላጆች በኡልፓን አሌፍ ቤት እየቆጠሩ ሳሉ ልጆች በዚህ ዕቃ ላይ የራሳቸውን ዓለም ከፍተው ይገባሉ። ከተማ ይሠራሉ፣ ቤት ያቆማሉ፣ እንስሳ ያረባሉ፣ ሰው ያጋባሉ፣ አንዳንዴም ሰው ይገድላሉ። እኛ ወላጆች ደግሞ ከበሩ ላይ ሆነን የጀርባቸውን ሁኔታ ብቻ እናያለን።

በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ «ልጄ በቀን ስንት ሰዓት ይጫወት?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከሱ የማያንስ ሌላ ጥያቄ አለ። ልጁ በዚያ ጨዋታ ውስጥ ምን እያደረገ ነው? ያደረገውስ ነገር ልቡን ምን ያደርገዋል? አንድ ልጅ በስክሪን ላይ ላለ፣ ነፍስ ለሌለው ፍጡር ሲያለቅስ ብናይ እንሳቅ ወይስ እናጽናናው? በስክሪን ላይ ጭካኔ ሲሠራ ብናይስ ኃጢአት ነው ብለን እንቆጣ ወይስ ጨዋታ ነው ብለን እንለፈው?

በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው በዕብራይስጥ «ሚስሐኬ ሲሙላጽያ» ስለሚባሉት፣ ማለትም እውነተኛውን ኑሮ ስለሚያስመስሉ ጨዋታዎች ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ጨዋታው አዲስ ነው፣ ነገሩ ግን የቆየ ነው

ኑሮን አስመስሎ መጫወት በኮምፒዩተር የተጀመረ አይደለም። በአገር ቤት ሳለን ዕቃ ዕቃ ያልተጫወተ ማን አለ? አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ ትንሹ ደግሞ ልጅ ይሆናል። በስባሪ ገል ላይ አፈር «ይጋገራል»፣ እንግዳ «ይመጣል»፣ ሙሽራ «ይዳራል»። ከብት ጠባቂ ልጆች ከወንዝ ዳር ጭቃ አንሥተው በሬና ላም ይሠራሉ፤ በጠጠርም በረት ያጥራሉ። በእንቆቅልሽ ጨዋታ መልሱን ያላወቀ ሰው «አገር ስጠኝ» ሲባል አንድ ትልቅ ከተማ ከነሕዝቡ ያስረክባል፤ የተቀበለውም በዚያ ከተማ ገብቶ ሲበላና ሲጠጣ፣ የተሸነፈውን ሲያዋርድ ያወራል። ይህ ሁሉ ማስመሰል ነው። በማስመሰል ግን ብዙ እንማርበት ነበር። እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ፣ ታናሽን እንዴት እንደሚይዙ፣ ማሸነፍና መሸነፍም ምን እንደሆነ ያወቅነው እንዲህ እየተጫወትን ነው።

ታዲያ የዛሬው በምን ይለያል? የጭቃው ላም አያለቅስም፤ የኮምፒዩተሩ ላም ያለቅሳል። የጭቃው ላም ብትረሱት በቦታው ይቆያል፤ የኮምፒዩተሩ ይራባል፣ ይታመማል፣ ይሞታል። በዕቃ ዕቃ ጨዋታ ሕጉን የሚያወጡት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሲጣሉም ይለውጡታል። በኮምፒዩተሩ ጨዋታ ግን ሕጉን ያወጣው በሩቅ አገር የሚኖር፣ ልጆቻችንን የማያውቅ ሰው ነው። የዛሬው ጽሑፋችን በእነዚህ ነጥቦች ላይ ያተኩራል።

ዓለምን ያስለቀሰው እንቁላል

በኖቬምበር 1996 ባንዳይ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ታማጎቺ የሚባል አሻንጉሊት ለገበያ አቀረበ። ቅርጹ እንደ እንቁላል ሆኖ በመዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ሦስት ቁልፎችና አንዲት ትንሽ ስክሪን ያሉት ነበር። በስክሪኑ ላይ ከእንቁላል የሚፈለፈል አንድ ትንሽ ፍጡር አለ። ይህ ፍጡር ሲርበው ድምፅ ያሰማል፤ ማብላት ያስፈልጋል። ይቆሽሻል፤ ማጽዳት ያስፈልጋል። ይታመማል፤ መድኃኒት ይሻል። ሲያጠፋም ይገሠጻል። ችላ ከተባለ ደግሞ ይሞታል። በጃፓን በተሸጠው ላይ ሲሞት መቃብር ይታይ ነበር፤ ለውጭ አገር በተሸጠው ላይ ግን መልአክ ሆኖ እንዲታይ ተደረገ።

በ1997 አሻንጉሊቱ በዓለም ዙሪያ ተሠራጨ። ልጆች በትምህርት ሰዓት ሊያበሉት ሲሉ ትምህርት ስለታወከ ብዙ ትምህርት ቤቶች ከለከሉት። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ወላጆች ሞግዚት ሆነው እንቁላሉን በሥራ ቦታቸው የጠበቁበት ጊዜም ነበር። ሲሞትባቸው ምርር ብለው ያለቀሱ ልጆች ጥቂቶች አልነበሩም።

ልጆቹ ሞኞች ስለሆኑ ነውን? አይደለም። አሻንጉሊቱ የፕላስቲክ መሆኑን አሳምረው ያውቁ ነበር። በአሜሪካ የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሆኑት ሼሪ ተርክል ስለዚህ ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ከልጆች ጋር ተነጋግረዋል። እንደ እርሳቸው አገላለጽ ሰው የሚወደውን ብቻ ሳይሆን የሚንከባከበው እንደሆነ፣ የተንከባከበውንም መውደዱ አይቀርም። አንድ ነገር «እርዳኝ» ብሎ ሲጠራንና እርዳታችንን ተቀብሎ ሲያድግ ልባችን ከሱ ጋር ይተሳሰራል። ጥጃ ያሳደገ ሰው ይህን ለማወቅ ፕሮፌሰር መጠየቅ አያስፈልገውም።

በእኛ ቤት ግን ሌላ ችግርም ይነሳል። እሱም ሰንበት ነው። እውነተኛ እንስሳን በሰንበት ማብላትና ማጠጣት የተፈቀደ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው፤ ነፍስ ያለው ፍጡር በእጃችን ሳለ ሊራብ አይገባምና። የኤሌክትሪክ አሻንጉሊትን ቁልፍ መጫን ግን ሰንበትን ለሚያከብር ቤተሰብ የማይሆን ነው። የመጀመሪያው ታማጎቺ ደግሞ እንደ ልብ የሚያቆሙት ዓይነት አልነበረም። ስለዚህ ልጁ ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት። እዚህ ላይ ወላጅ ለልጁ ሊያስረዳው የሚችል ትልቅ ቁም ነገር አለ፤ ነፍስ ያለውና ነፍስ ያለው የሚመስል አንድ አይደሉም። ለእውነተኛው ረሃብ ሰንበትም ቦታ ይሰጣል፤ ለሚመስለው ረሃብ ግን ሰንበት አይሻርም። ይህን ስንነግረው ግን ኀዘኑን እያቃለልን መሆን የለበትም፤ የልጁ ኀዘን እውነተኛ ነውና።

የቤተሰብ ኑሮ በስክሪን ላይ

ሁለተኛው ምሳሌያችን «ሲምስ» የሚባለው ጨዋታ ነው። ጨዋታውን ያወጣው ዊል ራይት የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በ1989 «ሲም ሲቲ» በሚባለው የከተማ ግንባታ ጨዋታ ታውቆ ነበር። በ1991 በካሊፎርኒያ ኦክላንድ በተነሳው ትልቅ እሳት የራይት ቤት ከነዕቃው ተቃጠለ። ቤቱን እንደገና ሲያደራጅ «ሰው ለመኖር በእውነት የሚያስፈልገው ዕቃ የትኛው ነው?» ብሎ ማሰቡ ለአዲሱ ጨዋታ ሐሳብ እንደሰጠው ይነገራል። ሲምስ በ2000 ወጣ፤ በዓለም ላይ እጅግ ከተሸጡት የኮምፒዩተር ጨዋታዎች አንዱም ሆነ።

በዚህ ጨዋታ ተጫዋቹ ቤተሰብ ፈጥሮ ቤት ይሠራላቸዋል። ሰዎቹ ይርባቸዋል፣ ይደክማቸዋል፣ ብቸኝነት ይሰማቸዋል፤ ሽንት ቤትም ይፈልጋሉ። የሚነጋገሩት በየትኛውም አገር በማይነገር፣ ለጨዋታው በተፈጠረ ቋንቋ ነው። ከእኛ መካከል ላሉ ልጆች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ትናንት የመጣ ልጅ ዕብራይስጥ ባያውቅም፣ በዚህ ጨዋታ የሰዎቹን ንግግር ከቃሉ ሳይሆን ከድምፁና ከሁኔታው ይረዳዋል። በክፍል ውስጥ ተሳስቶ እንዳይሳቅበት አፉን የሚይዝ ልጅ እዚህ ላይ ከማንም ጋር እኩል ነው። ልጁ ከስክሪኑ አልላቀቅ ሲል አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ስለሚችል ልብ ማለት ይገባል።

የጨዋታውን ሥነ ምግባር ስንመረምር ግን ሁለት ነገር እናገኛለን። የመጀመሪያው በግልጽ የሚታየው ነው። በቀድሞዎቹ የሲምስ ጨዋታዎች አንድ ሰው መዋኛ ውስጥ ከገባ በኋላ ተጫዋቹ መሰላሉን ካነሳበት መውጣት አይችልም፤ ደክሞት ይሰጥማል። ይህን ያልሞከረ ተጫዋች ልጅ ጥቂት ነው። ወላጅ ይህን ቢያይ ይደነግጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ የሚፈትነው የጨዋታውን ሕግ ነው፤ የእሳት እራት በመብራት ዙሪያ ስትዞር እንደሚያይ ልጅ «ምን ይሆን?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው የማይታየው ነው። ጨዋታው ራሱ ምን እንደሚቆጥርና ምን እንደማይቆጥር መመርመር ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሲምስ ሰውየው የተሻለ ሶፋ፣ የተሻለ አልጋ፣ የተሻለ ቴሌቪዥን ሲገዛ ምቾቱና ደስታው ይጨምራል። በሥራው ሹመት ለማግኘት ደግሞ የተወሰነ ቁጥር ያለው ወዳጅ ሊኖረው ግድ ነው። ሕፃን ችላ ከተባለ የማኅበራዊ ኑሮ ሠራተኛ፣ ማለት ዖቬዴት ሶጽያሊት፣ መጥታ ትወስደዋለች። ጎረቤት ለቡና ጠርቶ «ሸክሙን እንካፈልለት» ማለት፣ አያት መጦር፣ ሽማግሌ አስቀምጦ ጠብ ማብረድ በዚያ ጨዋታ ነጥብ አያስገኝም። መጥፎ ሰው ሠራው ለማለት አይደለም። አንድ አሜሪካዊ የሚያውቀውን ኑሮ ነው የሠራው። ነገር ግን ልጁ «ቤተሰብ ማለት ይህ ነው፣ ወዳጅ ማለት ለሹመት ነው» የሚለውን ሳያውቀው ይቀበላል። «ልጄ፣ እኛ ጎረቤት ለቡና የምንጠራው ለሹመት ነውን?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ ከአንድ ሰዓት ተግሣጽ ይበልጣል።

ከመስኮቱ ማዶ ያለው ሰው

ሦስተኛው ምሳሌ ለትልልቆች የሚሆን ነው። በ2013 ሉካስ ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ ብቻውን ሆኖ «ፔፐርስ ፕሊዝ» የሚል ጨዋታ አወጣ። ትርጉሙ «ወረቀትዎን ያሳዩ» እንደማለት ነው። ዘመኑ 1982፣ አገሩም አርስቶትስካ የሚባል በዓለም ላይ የሌለ አገር ነው። ተጫዋቹ በድንበር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ የሚገቡትን ሰዎች ፓስፖርትና ፈቃድ የሚመረምር ጸሐፊ ይሆናል። ማኅተም ሁለት ነው፤ አንዱ «ይግባ»፣ ሁለተኛው «ይመለስ»። ደመወዙ በትክክል ባስተናገደው ሰው ቁጥር ይታሰባል። ማታ ቤቱ ሲገባ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሞቂያና መድኃኒት ይጠብቁታል። ገንዘቡ ካልበቃ ሚስቱ፣ ልጁ፣ አማቱና አጎቱ ይራባሉ፣ ይበርዳቸዋል፣ ይታመማሉ።

ከቀኖቹ በአንዱ ባልና ሚስት ይመጣሉ። የባል ወረቀት ሙሉ ነው፤ ያልፋል። ሲያልፍም ከኋላው ያለችው ሚስቱ መሆኗን ነግሮ ይለምናል። የሚስቲቱ ወረቀት ግን ጎዶሎ ነው። ጸሐፊው ካሳለፋት ከአለቆቹ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል፤ በአንድ ቀን ማስጠንቀቂያው ከሁለት ካለፈ ከደመወዙ ይቆረጣል። ከመለሳት ደግሞ ባልና ሚስቱን ለያየ ማለት ነው። ጨዋታው «ይህ ትክክል ነው» ብሎ አይነግረውም። ከኋላ ረጅም ሰልፍ አለ፤ ሰዓቱም ይሄዳል።

ይህን ታሪክ የምናነብ እኛ በዚያ መስኮት ፊት የቆምን ሰዎች ነን። ከመካከላችን በጎንደርና በአዲስ አበባ ለዓመታት ወረቀት የጠበቀ አለ። ራሱ መጥቶ እኅቱን ወይም እናቱን በዚያ ትቶ የመጣም አለ። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኛ ጨዋታ አይደለም ብንል ማንም አይፈርድብንም። ሆኖም በዚህ አገር የተወለደ ወይም በሕፃንነቱ የመጣ ልጅ ያንን መስኮት አያውቀውም። ጨዋታው ደግሞ የሚያስቀምጠው ከውስጥ በኩል፣ በጸሐፊው ወንበር ላይ ነው። ሰዎች ክፉ ሳይሆኑ ክፉ ነገር የሚሠሩበትን መንገድ ያያል፤ ልጄ ይራብብኛል የሚል ፍርሃት፣ ድካም፣ «ትእዛዝ ነው» ማለት። ከተጫወተ በኋላ «አባዬ፣ እናንተ ስትመጡ ወረቀት የሚያየው ሰው እንዴት ነበረ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ጨዋታው ብዙ መጽሐፍ የማያደርገውን አደረገ ማለት ነው።

ካትሪን ኢዝቢስተር የተባሉ ተመራማሪ በ2016 ባወጡት መጽሐፍ አንድ ጠቃሚ ልዩነት አስረድተዋል። ፊልም ስናይ እናዝናለን፣ እንፈራለን፤ ነገር ግን በፊልሙ ውስጥ በተሠራው ጥፋት «ጥፋተኛ ነኝ» አንልም። በጨዋታ ግን ማኅተሙን የመታው እጅ የኛ ስለሆነ ጸጸት ይሰማናል። ጸጸት ደግሞ ቀላል ስሜት አይደለም። በደጉ ከተያዘ ሰውን ወደ ቀና መንገድ ይመልሳል፤ በየቀኑ ለቀልድ ከተቀሰቀሰ ግን ይደነዝዛል።

ጦርነት፣ ከተኳሹ ሳይሆን ከተራበው ወገን

ልጆች የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ አብዛኛውን ጊዜ ተጫዋቹን ወታደር ያደርገዋል። በ2014 በዋርሶ ከተማ የሚገኝ ኢለቨን ቢት የተባለ ኩባንያ ያወጣው ጨዋታ ግን ከዚህ ይለያል። ስሙ «ዚስ ዎር ኦፍ ማይን» ነው፤ «ይህ የኔ ጦርነት» ማለት ነው። ሐሳቡ የተወሰደው ከ1992 እስከ 1996 ከተከበበችው ከሳራዬቮ ከተማ ሕዝብ መከራ ነው። ተጫዋቹ በፈረሰ ቤት የተጠለሉ ጥቂት ተራ ሰዎችን ያስተዳድራል። ቀን ተኳሽ ስላለ አይወጣም። ሌሊት አንዱ ወጥቶ ምግብ፣ መድኃኒትና ማገዶ ይፈልጋል።

በአንዱ ቤት ሁለት አዛውንት ባልና ሚስት አሉ። ምግብና መድኃኒት አላቸው፤ የሚከላከሉበት ኃይል ግን የላቸውም። ቢዘረፉ የሚያደርጉት መለመን ብቻ ነው። ተጫዋቹ ቢዘርፋቸው በቤቱ ያለው የታመመ ሰው ይድናል። ነገር ግን የዘረፈው ሰው በማግስቱ ያዝናል፤ ኀዘኑ ከጠናም ተስፋ ይቆርጣል፣ ሥራ ይተዋል። ጨዋታው በሰው ሕሊና ላይ ዋጋ አስቀምጧል ማለት ነው።

በ2020 የፖላንድ መንግሥት ይህን ጨዋታ ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሚመከሩ የትምህርት መርጃዎች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ዕድሜያቸው 18 ለሞላ እንጂ ለትንንሾች እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ኩባንያው ከዚህ ጨዋታ ሽያጭ ያገኘውን የአንድ ሳምንት ገቢ ለዩክሬን ቀይ መስቀል ሰጠ።

በእኛ ማኅበረሰብ ዘንድ ቁራሽ እንጀራ ለማን እንደሚሰጥ መምረጥ ተረት አይደለም። በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል በእግር ስንመጣ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን በመንገድና በመጠለያ ጣቢያ አልቀዋል፤ በኢየሩሳሌም በሔርጸል ተራራ መታሰቢያ ቆሞላቸዋል። በቅርብ ዓመታት የመጡትም ከጦርነት አጠገብ የመጡ ናቸው። አንድ ጎረምሳ በስክሪን ላይ «ማን ይብላ፣ ማን ይቅር?» እያለ ሲጨነቅ፣ ይህን በእውነት የኖረች አያቱ በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጣ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ተገናኝተው ካልተነጋገሩ ትልቅ ኪሣራ ነው።

ታዲያ በጨዋታ የተሠራ ክፋት ኃጢአት ነውን?

አንዳንዱ «ማንም አልተጎዳምና ምንም አይደለም» ይላል። ሌላው «እጅ የለመደውን ልብ ይከተለዋል» ይላል። በሁለቱም ዘንድ እውነት አለ።

ኦሪት ከጎጆዋ ጫጩት የሚወስድ ሰው እናቲቱን ወፍ አስቀድሞ እንዲለቃት ታዛለች። በ13ኛው መቶ ዘመን የነበሩት ራምባን፣ ማለት ራቢ ሞሼ ቤን ናሕማን፣ ይህን ሕግ ሲያብራሩ ትእዛዙ የተሰጠው ለወፏ ከማሰብ ይልቅ የእኛ ልብ ጨካኝ እንዳይሆን ነው ብለዋል። ይህ ትርጓሜ ለዛሬው ጥያቄ ብዙ ይረዳል። በስክሪኑ ላይ ያለው ሰው ነፍስ የለውም፤ እሱን መግደል መግደል አይደለም። የሚጫወተው ልጅ ግን ልብ አለው፤ ልብ ደግሞ ይለማመዳል።

በሌላ በኩል ከመጠን ያለፈ ፍርሃትም አይገባም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ሊቃውንት ማኅበር በ2020 እንዳስታወቀው፣ ጠብ ያለባቸው ጨዋታዎች እንደ መጮህና መገፋፋት ካሉ ጠባዮች ጋር አነስተኛ ግንኙነት ቢኖራቸውም፣ ልጅን ወደ ከባድ ወንጀል ይመራሉ ለማለት በቂ ማስረጃ የለም። ስለዚህ መሰላል ያነሳ ልጅ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል ብሎ መጨነቅ ትክክል አይደለም።

እኛ ልብ ሊባል ይገባል የምንለው ይህን ነው። ልጁ በጨዋታ ክፉ ሠርቶ ሲጸጸት ብታዩት መልካም ምልክት ነው። ክፉ ሠርቶ ቢስቅና ነገሩ በዚያው ቢያልቅ ልጅነት ነው። በጨዋታው የለመደውን በታናሽ እኅቱ ወይም በጎረቤት ድመት ላይ ቢሞክር፣ ወይም ሰው ሲያለቅስ እያየ ምንም ካልተሰማው ግን ዝም የሚባል አይደለም።

ለገንዘብ የሚፈስ እንባ

እስካሁን የተናገርነው የልጅን ልብ ነክተው አንድ ነገር ሊያስተምሩ ስለሚችሉ ጨዋታዎች ነው። የልጅን ርኅራኄ ግን ለገበያ የሚጠቀሙም አሉ። በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጥናት፣ አምስት ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች የቀረቡ 135 የፔሌፎን ጨዋታዎችን መርምረው ከመቶ 95 የሚሆኑት ማስታወቂያ እንዳለባቸው አገኙ። በአንዳንዶቹ ጨዋታዎች ልጁ የሚሸጠውን ነገር ሳይገዛ ሲቀር በጨዋታው ያለው ገጸ ባሕርይ ያዝናል ወይም ያለቅሳል።

እዚህ ላይ እንባው የተሰላ ነው። ሕፃኑ የሚያየው የሚያለቅስ ወዳጁን ነው፤ ከእንባው ጀርባ ያለውን የካርቲስ አሽራይ ቁጥር አያይም። ሳያውቅ ገንዘብ ያወጣን ልጅ «ሌባ» ብሎ መምታት ተገቢ አይደለም፤ ርኅሩኅ በመሆኑ ነው የተታለለው። የሚሻለው አስቀድሞ መጠንቀቅ ነው።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

አንደኛ፣ አጠገቡ ተቀመጡ። ዕብራይስጥም ሆነ እንግሊዝኛ ማወቅ አያስፈልግም። በሳምንት አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ከልጁ ጋር ተቀምጣችሁ «ይህ ሰው ማን ነው? ምን ሆነ? አንተስ ለምን እንዲህ አደረግህ? በኛ ቤት ቢሆን ምን ታደርግ ነበር?» ብላችሁ በአማርኛ ጠይቁት። ልጁ ሲያስረዳችሁ አማርኛውን ያሻሽላል፤ እናንተም ውስጡን ታያላችሁ። በየቢሮው ልጅ አስተርጓሚ በሆነበት ኑሮአችን፣ እዚህ ላይ ጠያቂና መካሪ ሆኖ መገኘት የወላጅን ቦታ ያስከብራል።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩን ተመልከቱ። እስራኤል ውስጥም በሚሠራበት ፔጊ በተባለው የአውሮፓ መለያ መሠረት በጨዋታው ሽፋን ላይ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል ቁጥር ይጻፋል። ቁጥሩ ጨዋታው ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚገባ ያመለክታል እንጂ አስቸጋሪነቱን አይደለም። 18 የተጻፈበትን ለ9 ዓመት ልጅ አትግዙ፤ «ጓደኞቼ ሁሉ አላቸው» ቢልም።

ሦስተኛ፣ እንባውን አታቃሉ። በስክሪን ላይ ለሞተበት እንስሳ የሚያለቅስን ልጅ «ለፕላስቲክ ታለቅሳለህ?»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» አትበሉት። ከአገሩ ሲወጣ አያቱን፣ ውሻውን፣ ጓደኞቹን ትቶ የመጣ ልጅ ያኔ ያላለቀሰውን እንባ ዛሬ እያለቀሰ ሊሆን ይችላል። «ማን ትዝ አለህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አራተኛ፣ ገንዘቡን ዝጉ። በልጁ ፔሌፎን ላይ የአሽራይ ቁጥር አታስገቡ። ግዢ በምስጢር ቁጥር ብቻ እንዲሆን በሚገዛበት ሱቅ ወይም በሚያውቅ ዘመድ አስደርጉ።

አምስተኛ፣ ሰንበትን ጠብቁ። በሳምንት አንድ ቀን ስክሪን የማይከፈትበት ቤት ያለው ልጅ ዕድለኛ ነው። ያን ቀን ግን ባዶ አታድርጉት፤ ገበጣ፣ እንቆቅልሽና ተረት አሁንም ይሠራሉ።

ስድስተኛ፣ የሚያሳስብ ነገር ሲኖር ጠይቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሚሠራበት የበሽታዎች ዝርዝር የጨዋታ ሱስ ተካትቷል። ምልክቶቹ ልጁ መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከምግብ፣ ከእንቅልፍና ከትምህርት ሲያስበልጠው፣ ጉዳቱን እያየም መተው ሲሳነው ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ያህል ሲቆይ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ከትምህርት ቤቱ ዮዔጼት ወይም ከኩፓት ሖሊም ሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። በጨዋታው ላይ ከሌሎች ጋር ሲጻጻፍ የሚያስፈራራው፣ የሚያዋርደው ወይም ነውር የሚጠይቀው ሰው ካለ ደግሞ በ105 ደውሉ። ይህ በኢንተርኔት ለሚጎዱ ልጆች የተቋቋመ የመንግሥት ስልክ ነው።

በመጨረሻም

ጨዋታዎቹን ሁሉ ከቤት እናስወጣ አላልንም፤ ቢባልም አይቻልም። ልጆቻችን በጎረቤት ቤትና በትምህርት ቤት ደጃፍ ያገኟቸዋል። ነገር ግን በማያውቁት ሰው በተሠራ መስኮት ፊት ልጆች ብቻቸውን እየፈረዱ፣ ብቻቸውን እየተጸጸቱ እንዳይቀሩ ማድረግ እንችላለን። ዛሬ ማታ ልጃችሁ ሲጫወት ወንበር ሳቡና አጠገቡ ተቀመጡ። ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይመጣል።